የናታን ፌልግሮቭ አባት ማን ነበር

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእናቴ አጎት ለአባባ አምላኩ፤

የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዳይጎዳው እየለመንኩ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔም አባዬም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ ስንገናኝ ዝም የምለው አኩርፌ አይደለም። አባዬ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ስፒከሩም ክፍት ነው፤ ሰው እየሰማኝ መናገር ደግሞ ድሮም አልችልበትም። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ በጎረቤትዎ በሐና ስልክ ልልክልዎ አሰብኩ። ጽሑፌ ካስቸገረዎ ይቅርታ። እማዬ በታመመች ጊዜ ሁለት ዓመት ትምህርት ማቋረጤን ያውቃሉ፤ እዚህ ደግሞ የምማረው በእንግሊዝኛ ነው።

የምጽፈው ስለ ሁለት ነገር ነው። ቀላሉን ላስቀድም።

ቅዳሜና እሁድ ፌርፋክስ መንገድ ላይ እትዬ አበባ ምግብ ቤት እሠራለሁ። ሰው ማስተናገድ ስለማፍር ከጓዳ ሆኜ ሰላጣ እከትፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኤማ የምትባል አሜሪካዊት አሮጊት ትመጣለች። መኪናዋን ከኋላ በኩል የሁለት ሰው ቦታ ይዛ ፓርክ ታደርግና፣ ምስር ወጥ አዝዛ፣ ወረቀቶቿን ትዘረጋለች። የምትቀመጠው ጓዳው በር አጠገብ ስለሆነ ቀስ በቀስ ተላመድን። የሰዎች ስም ስታነብልኝ እኔ ወረቀቶቹን በየዓመታቸው እደረድርላታለሁ።

ኤማ የምትፈልገው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከእንግሊዝ በመርከብ መጥቶ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ የሰፈረ ሰው ነው። ስሙ ናታን ፌልግሮቭ ይባላል። የእሱ ዘር ናት። ዘሮቹ ማኅበር አላቸው፣ በየዓመቱ ተሰብስበው መቃብሩ ላይ አበባ ያኖራሉ። ጠቡ ያለው ከናታን በላይ ነው፤ በአባቱ አልተስማሙም። ማኅበሩ አባቱ ሄንሪ ፌልግሮቭ የሚባል ባለርስት ጌታ ነው ይላል። ኤማ ደግሞ በሌላ መንደር የነበረ ዊልያም ፌልግሮቭ የሚባል ቆዳ ፋቂ ነው ትላለች። በዚህ የተነሳ ከገዛ ወንድሟ ጋር ተኮራርፋለች። እርስዎ በርስት ክርክር ዘመን ዘር ሲቆጠር እየሰሙ ማደግዎን ብነግራት፣ "ጠይቂልኝ" አለችኝ።

ሁለተኛው ይኸውልዎ። ኤማ ስለረዳኋት ብላ አንድ ትንሽ ሳጥን ሰጠችኝ። ውስጡ ቱቦ አለ፤ ምራቅ ተፍተው በፖስታ ሲልኩት ዘመዶችዎን ለይቶ ይነግራል። ኖርዝ ሆሊውድ ያለው የአባዬ እህት ልጅ፣ ይስሐቅ፣ አምና አድርጎታል። "ስፒት አድርጊና ላኪው፤ ወዲያው በኔ ስልክ የአጎት ልጅህ ናት ብሎ ያወጣሻል" እያለ በየሳምንቱ ይነዘንዘኛል።

እኔ ግን ፈራሁ። በእማዬ ልቅሶ ላይ አንዲት ሴት "አባቷን ሳታውቅ እናቷንም አጣች" ስትል ሰምቻለሁ። ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት። አባዬ እኮ ያን ጊዜም እዚህ ሆኖ በቀን በቀን ይደውልልኝ ነበር። ያንን ቃል ለማንም ሳልናገር ይዤው መጣሁ።

አባባ፣ ከእማዬ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። አባቴ ጳውሎስ ነው? ካልሆነስ፣ እሱ ያውቃል? የማያውቅ ከሆነ በይስሐቅ ስልክ ላይ እንዲያውቅ አልፈልግም። እባክዎ ይህን ብቻዎን ያንብቡት።

ልጅዎ ማዕዶት


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዕዶት ጳውሎስ፤

በሰው አገር የሚጠብቅሽ አምላክ አይተኛ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያማርራል፤ በሦስት መንግሥት ሲያማርር የኖረ ስለሆነ አልሰማውም።

ደብዳቤሽን ሐና ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ አመጣችልኝ። መነጽሬ ተሰብሮ ስለነበር እሷው አነበበችልኝ። ድምጿ ጥሩ ነው፣ ግቢው በሙሉ ሰማ። "የምጽፈው ስለ ሁለት ነገር ነው" የሚለውን እንደሰማሁ ነገሩ አላማረኝም፤ የአሮጊቲቱ ጉዳይ ሲያልቅ ውሃ አምጪልኝ ብዬ ላክኋትና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ግቢው በናታን ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል። እኔ መጀመሪያ "ናታን ፌልግሮቭ ከተባለ አባቱ ፌልግሮቭ ነው፣ ምኑ ያካስሳል?" ብዬ ፈርጄ ነበር። ሐና ናት "እዚያ አገር ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ስም ነው የሚለብሰው" ያለችኝ። እንዲያ ከሆነ ልጅ ስሙ ሲጠራ አባቱ በምን ይታወቃል? ክርክር ቢነሳባቸው አይገርምም።

በእኛ ዘመን ርስት የሚጠይቅ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው እስከ አቅኚ አባቱ ይቆጥር ነበር። ይህ ናታን የምትሉት እኛ አቅኚ የምንለው መሆኑ ነው። ባላጋራው "እዚህ ላይ ይቆረጣል" ሲል፣ ነፍሱን ይማረውና አባቴ ተነስቶ ይጠይቃል፦ ልጁ ከቤት ሲወጣ ስንቁን ማን ቋጠረለት? አባትህ ነው የተባለው ሲሞት ለልቅሶ ማን ጠራው? እነዚህን ለአሮጊቲቱ ስጫት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ወደ ፋቂው አደላለሁ። ሰው ስለ ዘሩ ወደ ላይ ይዋሻል እንጂ ወደ ታች አይዋሽም። ጌታውን ትቶ ፋቂውን አባቴ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ጠይቂያት፤ ናታን ሲያቀናው መሬቱ ላይ ሰው አልነበረም ወይ?

ስለ ሌላው ጉዳይ፣ ያለ መነጽር ማንበብም መጻፍም አልቻልኩም። ይህንንም የምጽፈው በግምት ነው። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ መነጽር ላኪልኝ። ጳውሎስ ጤናው እንዴት ነው?

አጎትሽ አምላኩ


ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ አምላኩ፤

ዓይንዎን ያብራልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ግቢው ሰማ የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥሁት፤ እስከ መጨረሻው ሳነብ ግን ትንሽ ቀለለኝ። የእትዬ አበባ የእህት ልጅ ሃይሚ ለገና ወደ አገር ቤት ትመጣለች። የዓይንዎን ቁጥር ስለማላውቅ ሦስት ዓይነት መነጽር በእሷ ልኬአለሁ።

ያሉትን ለኤማ ተርጉሜ ነገርኳት። "ወደ ላይ ይዋሻል" የሚለውን በእስክሪብቶ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ስንቁን ማን እንደቋጠረ ወረቀት የለም አለች። መሬቱ ላይ ሰው ነበር ወይ ስላት ቀና ብላ አየችኝና "ነበሩ" አለች። ከዚያ ወረቀቷን አጥፋ ምስሯን በላች።

እትዬ አበባ ሳጥኑን አይታዋለች። "እኔንም ይመርምረኝ እስቲ" አለች። "ምራቄን ወስዶ ጎጃሜ ነሽ ሊለኝ ነው? እሱንማ አማቴም በየቀኑ ትነግረኝ ነበር።" ሁሉም ሳቀ፣ እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

ችግሩ ይስሐቅ ነው። እሁድ ቤታችን መጥቶ አባዬ ፊት "ሶ፣ አንቺ እስካሁን አልላክሽውም? ኦኬ፣ አጎቴ፣ አንተ ንገራት" አለው። አባዬ ብርቱካን እየላጠ ነበር። "ምን ያደርግላታል? የማን እንደሆነች ታውቃለች" አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተው። ብርቱካኑን ልጦ ጨርሶ አልበላውም፤ ጠረጴዛው ላይ ተወው። ምን ማለቱ እንደሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ አስባለሁ። አሁን አሁን ሳያየኝ አየዋለሁ። የጆሮው ጫፍ ከጉንጩ የተጣበቀ ነው፣ የኔ ግን የተንጠለጠለ ነው። የእማዬን ጆሮ ላስታውስ ብል አልመጣልኝ አለ።

ጤናው ደህና ነው። ግሌንዴል ከመሬት በታች ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ስለሚሠራ የመኪና ጭስ ያስለዋል። ከሥራ ሲወጣ እኔን ከምግብ ቤቱ ይወስደኛል።

መነጽሩ ሲደርስዎ እባክዎ ሁለተኛውን ጥያቄዬን ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ማዕዶት


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዕዶት ጳውሎስ፤

ልደቱን ያሳየን ጌታ ጥምቀቱን በሰላም ያድርስሽ። መነጽሩ ደረሰኝ፣ መካከለኛው ልክ ሆነ። ሐናን "ይህን ያህል ሽበት እንዳለሽ አላውቅም ነበር" ብያት እስካሁን አኩርፋለች።

ደብዳቤዎችሽን ብቻዬን አነበብኳቸው። ደግሜም አነበብኳቸው።

ስለ ናታን ብዙ አሰብኩ። ያ መንደር የልጁን አባት ያውቅ ይሆናል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ካህኑ "ይህን ነገር ያወጣ የተወገዘ ይሁን" ብሎ ገዝቷቸው ከሆነ ግን ነገሩ ከነሱ ጋር ተቀብሯል፤ ወረቀት ቢያገላብጡ አያገኙትም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ግዝት የሚጣለው ለተንኮል አይደለም። ሕፃን ሲያድግ ጣት እንዳይቀሰርበት ነው። የተገዘተ ሽማግሌ ልጁ ራሱ አድጎ መጥቶ ቢለምነው እንኳ አፉን አይከፍትም። እያዘነም ቢሆን አይከፍትም። እንግሊዞች ግዝት ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም። ይህን ለአሮጊቲቱ ንገሪያት።

ምራቅሽን አትቸኩይበት።

ስትታመሚ ጳውሎስ ምን ያደርጋል? እሱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ አምላኩ


ሎስ አንጀለስ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ አምላኩ፤

ለነገው ጥምቀት በረከቱ ይድረስዎ።

የግዝቱን ነገር ለኤማ አልነገርኳትም። ለኔ የተጻፈ መሰለኝ። አባባ፣ እርስዎ ተገዝተዋል? ሌላ ምንም አይበሉኝ፤ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ይጻፉልኝ።

ስታመም አባዬ ፋርማሲ ሄዶ ያገኘውን መድኃኒት ሁሉ ይገዛል። ከዚያ የትኛው እንደሚሻል ስለማያውቅ ተመልሶ ይጠይቃል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ኳስ እያየ አጠገቤ ይቀመጣል። ጎል ሲገባ እንኳ አይጮህም፣ እግሩን ብቻ ያነሳል። ይህን ለምን ጠየቁኝ?

ልጅዎ ማዕዶት


ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ አምላኩ፤

መልስ አልመጣልኝም። ሐናን ብጠይቃት "ደርሷቸዋል፣ ኪሳቸው ነው" አለችኝ። ታመው እንዳይሆን ብዬም ሰጋሁ። ቀድሜ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

የናታን ጉዳይ ተፈርዷል። ምርመራው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ስለሚቆጥር የኤማ የወንድም ልጅ ምራቁን ልኮ ነበር። እንግሊዝ አገር ያሉ የሄንሪ ዘሮችም የዊልያም ዘሮችም ልከው ነበር። ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ናታን የጌታውም የፋቂውም ልጅ አይደለም። እንዲያውም ፌልግሮቭ አይደለም። ምናልባት ያሳደገው ሰው ስም ይሆናል፣ ምናልባት መርከብ ላይ ያወጣው ይሆናል ይላሉ፤ የሚያውቅ የለም። ማኅበሩ እስከ ስብሰባው ድረስ ዝም በይ ብሏታል።

ኤማ ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ መጥታ ምስሩን አዝዛ አልነካችውም። እንደወትሮው ልደረድርላት ወረቀቶቹን ልቀበላት ብል የሉም፤ ባዶ እጇን ነው የመጣችው። "ከልጅነቴ ጀምሮ መቃብሩ ላይ አበባ ሳኖር የማን መቃብር ነበር?" አለችኝ። ተርጉሜ ለእትዬ አበባ ብነግራት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

"ንገሪያት" አለችኝ፤ "ሰውየው ሌላ አበባ የሚያኖርለት መጣ እንዴ? አልመጣም። ታዲያ የሷ ነው። ምስሯንም ትብላ፣ ቀዘቀዘ።"

ነገርኳት። ኤማ ትንሽ በላች። ስትወጣ "ያንቺን ላክሽው?" አለችኝ። አልላክሁም ስላት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። መኪናዋ ትቆምበት በነበረው ቦታ አሁን ሁለት መኪና ይቆማል።

ይስሐቅ "በፋሲካ ቤተሰቡን ሁሉ በስልኬ አሳያለሁ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽ" ብሎኛል። አባባ፣ ኤማ ያጣችው ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። የኔ ግን ማታ ከሥራ መጥቶ እራት በልተሻል ወይ የሚለኝ ሰው ነው።

ልጅዎ ማዕዶት


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዕዶት ጳውሎስ፤

ለጾሙ ብርታቱን ይስጥሽ። አልታመምኩም። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፣ አንብቤአቸዋለሁ።

በናታን ነገር ተሳስቻለሁ፤ ለፋቂው ፈርጄ ነበር። አባቴ ቢሰማ ይስቅብኝ ነበር። አሮጊቲቱን አይዞሽ በያት።

መነጽሩ አፍንጫዬን ይጫነኛል፤ ቢሆንም ሌላ አትላኪ። ምንም አትላኪ። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው።

ግዝት ሽማግሌን ያስራል እንጂ ባለጉዳዩን አያስርም። ይህን እወቂ።

አባትሽን ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ አምላኩ


ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ አምላኩ፤

ጾሙን በደህና እንደያዙት ተስፋ አደርጋለሁ። የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም፤ አሁን ግን ለምን እንደሆነም፣ ባለጉዳዩ ያሉት ማን እንደሆነም ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ሁለት ቅዳሜ አሳለፍኩ። በመጀመሪያው ሳጥኑን ሳላወጣው ቤት ደረስን። በሁለተኛው አባዬ ሊወስደኝ ሲመጣ ሳጥኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ መሪው አጠገብ አስቀመጥሁት። በአፌ ማለት ስላልቻልኩ ነው። ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ነበር። አረንጓዴ ሲበራ አልተንቀሳቀሰም፣ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፉበት ነው የሄደው። ትንሽ ነድቶ ጠርዝ ይዞ አቆመ።

"ይስሐቅ ነው የሰጠሽ?"

"ኤማ ናት።"

"ላክሽው?"

"አልላክሁትም።"

ሬዲዮኑን አጠፋው። "ጋሽ አምላኩ ነገሩሽ?"

"አልነገሩኝም። ብለምናቸው ብለምናቸው ዝም አሉኝ።"

"እሳቸው ዝም ካሉማ ነግረውሻል" አለ። ሊስቅ ሞክሮ ሳሉ መጣበት። ሲያበቃ ፊት ለፊት መንገዱን እያየ ነው የነገረኝ። "ከእናትሽ ጋር ስንጋባ አንቺ በሆዷ ነበርሽ። አውቄ ነው። ሽማግሌዎቹም ያውቁ ነበር። ካህኑን ይግዘቱልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ለምን አልኩት።

"ሰፈሩን አታውቂውም? ገና ሳትወለጂ ስም ሊያወጡልሽ ነበር። እኔ ደግሞ የራሴን ስም አዘጋጅቼ ነበር።"

የሌላውን ሰው ስም ነገረኝ። አስተማሪ ነበር፤ እማዬን ትቶ ከሄደ በኋላ ወሬው አልተሰማም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ እርስዎም ያውቁታል፣ ሐናም ፎቶ ኮፒ ቤት ይዛው ትሄዳለች። ሲነግረኝ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንደማላውቀው ሰው ስም ሰማሁት።

ከዚያ እንደ ልጅህ የመጣሁበት ወረቀታችንስ፣ ከአሜሪካ ይመልሱናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "በትዳር የተወለደች ልጅ የባልየው ናት፣ እኔም አልካድኩም፤ ምንም የዋሸነው የለም" አለ። "ይስሐቅ ያን ነገር የገዛ ቀን ሄጄ ጠበቃ ጠየቅሁ። ከዚያ አላመንኩትም፣ ሌላ ጠበቃ ጠየቅሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሁልጊዜ ዝም ትያለሽ። የምታስቢውን አላውቅም። ብታውቂ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።"

የኔን ፍርሃት ነገርኩት። እሱ የማያውቅ መስሎኝ እንደነበር፣ ካወቀም ይተወኛል ብዬ እንደፈራሁ። ዘወር ብሎ አየኝ፤ ጆሮዬን ይሁን ፊቴን አላውቅም። "እንዲህ የምታወሪ ከሆነ በየቀኑ መኪና ውስጥ ነው የምናድረው" አለ። ያን ጊዜ አንድ ሰው መስኮቱን መታ። ያቆምነው የዕቃ ማውረጃ ቦታ ላይ ነበር። አባዬ የፓርኪንግ ሠራተኛ ሆኖ እንዲህ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም።

ሳጥኑ አሁን በመኪናው በር ኪስ ውስጥ ነው። ልላከው አልላከው የሚለውን አባዬ ለኔ ተወው። ይስሐቅንም ምርመራውን አልፈልግም አልኩት። ድምፄን ከፍ ስላደረግሁ ደንግጦ "ኦኬ፣ ኦኬ" አለኝ። ኤማም ተመልሳ መጥታለች። ከማኅበሩ አልወጣችም፤ ለናታን ሦስተኛ አባት እየፈለገች ነው፣ እትዬ አበባ "ይኼ ሰውዬ ስንት አባት ይጨርሳል?" ትላለች።

የምጽፍልዎ ግን ለሌላ ነገር ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ አባዬ "ዘር ቁጠሪ ቢሉሽ ማንን ትቆጥሪያለሽ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ከዚያ እየነዳ በጣቱ መሪውን እየመታ ቆጠረልኝ፤ ጳውሎስ፣ ብርሃኑ፣ ዘውዴ፣ ተክሌ። አምስተኛው ላይ ቆመ። ስድስተኛው ሀብተ ሥላሴ፣ ሰባተኛው እሸቴ መሆናቸውን ያውቃል፤ አምስተኛውን ረስቶታል። ቤት ደርሰንም ሲያስብ ነበር፣ እራቱንም ሳይጨርስ ተነሳ። እርስዎ ያውቁ እንደሆነ እባክዎ ይጻፉልኝ። ቆጠራውን ጎዶሎ አድርጌ መያዝ አልፈለግሁም።

ልጅዎ ማዕዶት ጳውሎስ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዕዶት ጳውሎስ፤

እንኳን ደህና ሆናችሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው የዘገየሁት።

አምስተኛው ወንድይራድ ነው። ለሰርጋቸው ጊዜ የሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቤት የቆጠርኩት እኔ ስለሆንኩ አልረሳውም። ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው፤ ርስት ተካስሶ ስለማያውቅ ስሙ ዳኛ ፊት አልተነሳም። የወንድሙ ልጅ ነበር ተክሌ፤ አባትየው ሲሞትበት ወንድይራድ ወስዶ አሳደገው። እኛም ስንቆጥር በወንድይራድ ነው የምንቆጥረው፤ ማንም እዚህ ላይ ይቆረጣል ብሎ አያውቅም።

ጳውሎስን አሳፍሪልኝ። አንቺ ስትቆጥሪ እንዳትዘይው።

አጎትሽ አምላኩ